ሶሻል ሳይመጣ ባንክ መክፈት፦ አሜሪካ አዲስ ለገቡ የባንክ ሂሳብ አከፋፈት መመሪያ

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሶሻል (ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ መንግሥት ለሥራና ለግብር የሚሰጠው መለያ) ሳይመጣልኝ ባንክ መክፈት እችላለሁ?» አዎ፣ ይችላሉ። ሕጉ ባንኮች ደንበኛቸው ማን እንደሆነ እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል እንጂ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለውን ሰው መልሱ አይልም። ባንኩ የግድ መመዝገብ ያለበት አራት ነገር ነው፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የመኖሪያ አድራሻ እና የመታወቂያ ቁጥር። አሜሪካዊ ላልሆነ ሰው የመታወቂያ ቁጥሩ የፓስፖርት ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ሕጉ ዝቅተኛውን መስፈርት ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። እያንዳንዱ ባንክ ከዚያ በላይ የራሱን መጨመር ይችላል። ስለዚህ አንዱ ባንክ «ያለ ሶሻል አይሆንም» ብሎ የመለሰውን ሰው፣ ማዶ ያለው ባንክ በዚያው ቀን ሊያስተናግደው ይችላል። ከዚህ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ተመላልሶ የሚደክመው ወረቀት ጎድሎት ሳይሆን ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ ነው። ስም፣ ቀንና አድራሻ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። ከታች ካሉት እርምጃዎች ብዙዎቹ የሚያተኩሩት በዚህ ላይ ነው።

ይዘው የሚሄዱት

• ዋናው ፓስፖርት፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት። ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይቀበሉም።

• የኢሚግሬሽን ወረቀት። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የገቡ ከሆነ ግሪን ካርዱ እስኪደርስ መጠበቅ የለብዎትም። ፓስፖርትዎ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ፣ ኤርፖርት ላይ ማህተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ይህ ቪዛው ላይ ራሱ በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የባንኩ ሠራተኛ «ካርዱን ያምጡ» ካለዎት ያንን መስመር ያሳዩት። ጥገኝነት የጠየቁ ከሆነ ደግሞ ወርክ ፐርሚትዎን፣ አይ-94 (ወደ አሜሪካ የገቡበት መዝገብ) ካለዎትም እሱን አትመው ይያዙ።

• ሁለተኛ መታወቂያ። ስቴት አይዲ፣ ወርክ ፐርሚት ወይም የትምህርት ቤት መታወቂያ። አንዳንድ ባንክ ስምዎ የታተመበትን የአገር ቤት የባንክ ካርድ እንደ ሁለተኛ መታወቂያ ይቀበላል፤ ስለዚህ እሱንም ይያዙት።

• የአድራሻ ማስረጃ። ስምዎ ያለበት የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የኢንተርኔት ቢል፣ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በስምዎ በፖስታ የመጣ ደብዳቤ። አዲስ ሰው ቢል ስለማይኖረው ከሁሉ የሚቀናው ይህ የመጨረሻው ነው። ከኢሚግሬሽንም ሆነ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የሚመጣ ደብዳቤ ከነፖስታው ይቀመጥ።

• የራስዎ የአሜሪካ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል። የወንድም ወይም የጓደኛ ስልክ አያስመዝግቡ። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደዚያ ቁጥር ነውና ስልኩን የያዘ ሰው ሂሳብዎን የመክፈት ዕድል አለው።

• ከ25 እስከ 100 ዶላር ጥሬ ገንዘብ፣ ለመክፈቻ። ብዙ ባንክ 25 ዶላር ይበቃዋል።

• ሶሻል ከመጣልዎ ካርዱን ይዘው ይሂዱ። ሲመለሱ ግን ቤት ያስቀምጡት፤ ኪስ ቦርሳ ውስጥ አይዙርም።

1. ስምዎን በፓስፖርቱ ልክ ይያዙ

እኛ ዘንድ ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የአሜሪካ ፎርም ደግሞ ፈርስት ኔም፣ ሚድል ኔምና ላስት ኔም ይላል። «ላስት ኔም» ሲባል ከልማድ የአባታችንን ስም የምንሰጥ ብዙ ነን። ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም መስመር ላይ የአያትዎን ስም አስቀምጦ ከሆነ ግን ላስት ኔምዎ የአያትዎ ስም ነው። ፓስፖርቱን ከፍተው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሆሄ በሆሄ ይገልብጡ። ዮሐንስ ወይም ፀሐይ የሚሉ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋሉ። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ የደመወዝ ቼክዎ ሊመለስብዎ ይችላል። ሶሻል ሲመጣም ቁጥሩ ከስሙ ጋር አይገጥምም።

ባልና ሚስት የተለያየ ላስት ኔም ስላላቸው አይጨነቁ፤ ችግር የለውም። ሠራተኛው አስቦልዎት የባልዎን ስም ሊያስገባ ከሞከረ ግን ያስቁሙት።

ሌላ የሚያደናግር ጥያቄ አለ፦ የእናትዎ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም። እናቶቻችን ሲያገቡ ስም ስለማይቀይሩ መልሱ የእናትዎ አባት ወይም አያት ስም ነው። አንዱን ይምረጡና አጻጻፉን ቤትዎ መዝግበው ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ የይለፍ ቃል ጠፍቶብዎ ሲደውሉ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው፤ አንድ ሆሄ ከተለየ ማንነትዎን ማረጋገጥ ያቅትዎታል።

2. የትውልድ ቀንዎን በፈረንጅ አቆጣጠር ያጥኑ

የኢትዮጵያ ዘመን ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። በአፍ ሲጠየቁ የለመዱት ዓመተ ምሕረት እንዳያመልጥዎ ፓስፖርት ላይ ያለውን በቃልዎ ይያዙ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ዓመት ይጻፋል። ማርች 5 ማለት 03/05 ነው። 05/03 ብለው ከጻፉ የተወለዱት ሜይ 3 ሆነ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም ይህ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰው አይደለም ብሎ ሊያቆመው ይችላል።

3. አድራሻዎን ሙሉ አድርገው ይጻፉ

የቤት ቁጥር፣ መንገድ፣ የአፓርታማ ቁጥር፣ ከተማ፣ ስቴትና ዚፕ ኮድ። የአፓርታማ ቁጥር የተዘለለበት ካርድ ሕንፃው በር ላይ ደርሶ ይመለሳል። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻውን ለመክፈቻ አይበቃም፤ ሕጉ የሚፈልገው ሰው የሚኖርበትን ወይም የሚሠራበትን የመንገድ አድራሻ ነው።

ዘመድ ቤት ያረፉ ከሆነ ቤቱ በዘመድዎ ስም ስለሆነ ማስረጃ ያጥርዎታል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባለቤቱ ቢሉንና መታወቂያውን ይዞ አብሮዎት እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የአድራሻ ማስረጃ የማይጠይቅ ባንክ መፈለግ ነው፤ አሉ፣ በስልክ ይጠይቁ። ቋሚ ቤት ገና ከሌለዎት ደንቡ የቅርብ ዘመድን ወይም ሊያገኝዎ የሚችልን ሰው የመኖሪያ አድራሻ መስጠትን ይፈቅዳል።

የማይኖሩበትን አድራሻ ግን አይስጡ። የባንክ መግለጫው በኋላ ለስቴት አይዲና ለመንጃ ፈቃድ የአድራሻ ማስረጃ ሆኖ ስለሚያገለግል ትክክለኛው ቢሆን ይጠቅምዎታል።

4. የሂሳቡን ዓይነት ይምረጡ

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ቼኪንግ ነው። ደመወዝ የሚገባበት፣ ኪራይ የሚከፈልበት፣ ዴቢት ካርድ የሚሰጥበት እሱ ነው። ሴቪንግ ለማስቀመጫ ነው፤ ሠራተኛው «አብረን እንክፈተው» ቢልዎት ወርሃዊ ክፍያና ዝቅተኛ መጠን እንዳለው ሳያጣሩ እሺ አይበሉ። ባዶ የተቀመጠ ሴቪንግ በየወሩ ክፍያ እየተቆረጠበት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ሲመርጡ «ባንክ ኦን» የሚል ማረጋገጫ ያለው ሂሳብ እንዳላቸው ይጠይቁ። እነዚህ ሂሳቦች መክፈቻቸው ከ25 ዶላር አይበልጥም፣ ማስቀረት የማይቻል ወርሃዊ ክፍያ ቢኖራቸው 5 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው፣ የኦቨርድራፍት (ሂሳቡ ውስጥ ካለው በላይ የማውጣት) ቅጣትም የላቸውም። ገቢው ገና ላልተረጋጋ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። ሠራተኛው ራሱ ላያነሳልዎት ስለሚችል እርስዎ በስሙ ይጠይቁት።

ባንክም ይሁን ክሬዲት ዩኒየን (በአባላቱ የተያዘ የቁጠባና ብድር ማኅበር)፣ ዋስትናውን ያረጋግጡ። የባንክ ተቀማጭ ኤፍዲአይሲ በሚባለው፣ የክሬዲት ዩኒየን ደግሞ ኤንሲዩኤ በሚባለው የመንግሥት ተቋም እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለው። በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ድርጅቶች ባንክ ይመስላሉ፤ ባንክ ግን አይደሉም።

5. ደውለው ቀጠሮ ይያዙ

ኢንተርኔት ላይ ለመክፈት አይድከሙ። ሥርዓቱ ማንነትዎን የሚያረጋግጠው አሜሪካ ውስጥ ባለዎት የብድርና የአድራሻ ታሪክ ነው፤ አዲስ ለገባ ሰው ታሪኩ ባዶ ስለሆነ ሶሻል ቢኖርዎትም ሊከለክልዎ ይችላል። ቅርንጫፍ ሲሄዱ ግን ሰው ፓስፖርትዎን በዓይኑ አይቶ ይመዘግባል።

ሲደውሉ እነዚህን ይጠይቁ፦

• ሶሻል ለሌለው ሰው በውጭ አገር ፓስፖርት ትከፍታላችሁ?
• ስንት መታወቂያና ምን ዓይነት የአድራሻ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?
• ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው? በምንስ ይቀራል?
• አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ወይም የስልክ አስተርጓሚ አላችሁ?

የመለሰልዎትን ሰው ስም ይያዙ። ሲደርሱ ሌላ ሠራተኛ «አይቻልም» ቢል ስሙን ይጥቀሱለት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ሐበሻ በብዛት ያለባቸው ሌሎች አካባቢዎች አማርኛ የሚናገር ባንከር ሊኖር ስለሚችል መጠየቁን አይተዉት። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አይመከርም፤ የክፍያና የውል ቃላት ለሕፃን ይከብዳሉ።

6. ጠረጴዛው ላይ፦ ከመፈረምዎ በፊት

ምን እንደሚሠሩ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና በወር ስንት ያህል እንደሚገባ ይጠየቃሉ። ይህን የሚጠይቁት ሁሉንም ደንበኛ ነው። ሥራ ካልጀመሩ «ሥራ እየፈለግሁ ነው» ይበሉ። ያልያዙትን ሥራ ማስሞላት በኋላ ሂሳቡን ያዘጋል።

የግብር ፎርም ያስፈርሙዎታል። የግሪን ካርድ ነዋሪ ለግብር እንደ አሜሪካ ነዋሪ ስለሚቆጠር የሚፈርመው ደብሊው-9 ነው። ለግብር ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚፈርመው ደብሊው-8ቤን የሚባለውን ነው። በስህተት ሌላውን ከሰጡዎት ያስተካክሉ። የግብር ቁጥር ሳይሰጡ ወለድ የሚያስገኝ ሂሳብ ከያዙ ባንኩ ከወለዱ ላይ 24 በመቶ ለመንግሥት ሊቆርጥ ይችላል።

ኦቨርድራፍት ላይ ይጠንቀቁ። «ገንዘብ ቢያልቅብዎ ካርዱ ሥራውን እንዲቀጥል ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ደግነት ይመስላል። «አዎ» ካሉ 4 ዶላር ቡና በሌለ ገንዘብ ሲገዙ ባንኩ ይከፍልልዎትና እስከ 35 ዶላር ሊያስከፍልዎ ይችላል፤ በቀን ሦስቴ ከሆነ ሦስቴ። ለኤቲኤምና ለዕለት ግዢ ካርድ ይህን አገልግሎት ያለ ፈቃድዎ ማስገባት አይችሉም። «አይ» ይበሉ፤ ያን ጊዜ ግዢው ይከለከላል እንጂ ቅጣት የለም። ቼክና በየወሩ ራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ግን በዚህ ፈቃድ ስለማይሸፈኑ ቢሉ በሚቆረጥበት ቀን ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን ይዩ።

የጋራ ሂሳብ የሚከፍቱ ከሆነ ሁለቱም ሰዎች የሙሉው ገንዘብ ባለቤት እንደሚሆኑ ይወቁ። አንዱ ለብቻው ሁሉንም ማውጣት ይችላል፤ የአንዱ ዕዳም የሌላውን ገንዘብ ሊነካ ይችላል። ለማገዝ አብሮዎት የመጣን ዘመድ «ለጊዜው» ብለው በሂሳቡ ላይ አያስገቡ። አስተርጓሚ መሆንና ባለቤት መሆን የተለያየ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት የሂሳብ ቁጥሩን፣ ባለ 9 አሃዙን የራውቲንግ ቁጥር (ባንኩን የሚለየውን) እና የክፍያዎቹን ዝርዝር በወረቀት ይቀበሉ። ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን እዚያው ቁጭ ብለው ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያዩ። ያኔ ማረም ሁለት ደቂቃ ነው።

7. ካርዱን ይጠብቁ

አንዳንድ ቅርንጫፍ ካርዱን እዚያው አትሞ ይሰጣል። ካልሆነ በፖስታ ይመጣል፤ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የባንኩ ስም በግልጽ ባልተጻፈበት ተራ ፖስታ ስለሚላክ ማስታወቂያ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ። በእነዚህ ሳምንታት ፖስታ ሳይከፈት አይጣል። ስምዎ የፖስታ ሣጥኑ ላይ ከሌለም ፖስተኛው «እዚህ የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ በወረቀት ጽፈው ሣጥኑ ላይ ይለጥፉ።

ካርዱ ሲደርስ በባንኩ መተግበሪያ ወይም በራሱ በባንኩ ኤቲኤም ያስጀምሩት። ፒንዎ የትውልድ ዓመትዎ አይሁን። በሌላ ባንክ ኤቲኤም ካወጡ የማሽኑም የራስዎ ባንክም ክፍያ ሊቆርጡ ይችላሉ።

8. ደመወዝዎን በቀጥታ ያስገቡ

የራውቲንግና የሂሳብ ቁጥሩን ለአሠሪዎ ይስጡ። አሠሪው «ቮይድ ቼክ» (የሂሳብ ቁጥሩን ለማሳየት ብቻ የሚሰጥ የተሰረዘ ቼክ) ከጠየቀና የቼክ ደብተር ከሌለዎት መተግበሪያው ውስጥ የዳይሬክት ዲፖዚት ፎርም አለ፤ ያንን ያትሙ። ሁለት ጥቅም አለው። ገንዘቡ ቶሎ ለወጪ ይደርሳል፤ ብዙ ባንኮችም ደመወዝ በቀጥታ ሲገባ ወርሃዊ ክፍያውን ይተዋሉ።

በወረቀት ቼክ የሚከፈሉ ከሆነ ሂሳቡ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ባንኩ ቼኩን ከወትሮው ረዘም አድርጎ እንዲይዝ ሕጉ ይፈቅድለታል። የመጀመሪያ ኪራይዎን በዚያ ቼክ ላይ አይመሥርቱ።

9. ሶሻል ሲመጣ ባንኩ ይሂዱ

በኢሚግራንት ቪዛ የገባና በቪዛ ማመልከቻው ላይ ሶሻል ይላክልኝ ብሎ የሞላ ሰው ካርዱን አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ውስጥ በፖስታ ያገኛል። ካልመጣ ወይም ካልሞሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው ያመልክቱ፤ ነፃ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «አወጣልሃለሁ» ለሚል ሰው አይክፈሉ። ካርዱ እንደደረሰ ቅርንጫፉ ሄደው ያስመዝግቡት። ሳያስመዘግቡ ከቀሩ በኋላ የብድር ታሪክ መገንባትም ሆነ ሌላ አገልግሎት ማግኘት ይከብዳል፤ አንዳንድ ባንክም ሂሳቡን ይገድባል።

ጥሬ ገንዘብና ዕቁብ

የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለሆነ በደንብ ይነበብ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በአንድ ቀን ሲያስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ይሞላል። ይህ ክስም ግብርም አይደለም፤ የተለመደ ፎርም ነው። ጥፋት የሚሆነው ፎርሙን ለመሸሽ ገንዘቡን መከፋፈል ነው። 14,000 ዶላሩን ዛሬ 8,000፣ ከነገ ወዲያ 6,000 አድርጎ ማስገባት፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ በራሱ ወንጀል ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ያስገቡ፤ ከተጠየቁ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይናገሩ፤ የዕቁቡን ደብተር ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ከአገር ቤት ሲመጡም ከ10,000 ዶላር በላይ ይዘው ከገቡ ኤርፖርት ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። የፎርሙን ቅጂ ለባንኩ ማሳየት ጥያቄ ያቀልልዎታል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረ የባንክ ሂሳብ ያለው የአሜሪካ ነዋሪም፣ ሂሳቦቹ በድምሩ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት። ግብር የሚሠራልዎትን ሰው በዚህ ጉዳይ ይጠይቁት።

ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ ከሆነ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር አለ። ከባንክ ሂሳብዎ ወይም አሜሪካ በተሰጠ ዴቢት ካርድ ሲልኩ ግን ግብሩ አይመለከትዎትም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የሌላ ሰው ቼክ በራስ ሂሳብ ማስገባት። «ቼኬን አስገባልኝና ግማሹን ላክልኝ» የሚል የማያውቁት ሰው አጭበርባሪ ነው። ገንዘቡ ሂሳብዎ ላይ ቢታይም ቼኩ ጸድቷል ማለት አይደለም፤ ከሳምንት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ሲመለስ ዕዳው የእርስዎ ነው።

ኮድ መስጠት። ከባንክ፣ ከኢሚግሬሽን ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ ነኝ ብሎ ደውሎ ኮድ ወይም ፒን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ በአማርኛ ቢያናግርዎትም። ስልኩን ይዝጉና ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። በዜል (በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ መላኪያ) የተላከ ገንዘብን ማስመለስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው፤ ቤቱን ሳያዩ የኪራይ ቀብድ በዚያ አይላኩ።

ሂሳብን ከዜሮ በታች ትቶ መሄድ። ስቴት ሲቀይሩ የረሱት ሂሳብ በክፍያ እየወረደ ዕዳ ከሆነ ባንኩ ዘግቶት ቼክስሲስተምስ ለሚባለው መዝገብ ሊያስተላልፈው ይችላል። መዝገቡ እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ ሌሎች ባንኮችም እሱን አይተው ይመልሱዎታል። ከመሄድዎ በፊት ቅርንጫፍ ገብተው ይዝጉት፤ የመዝጊያ ወረቀትም ይቀበሉ።

ተከልክለው ምክንያቱን ሳይጠይቁ መውጣት። ባንኩ የከለከለው በእንዲህ ያለ መዝገብ ተመሥርቶ ከሆነ ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊሰጥዎት ይገባል። በማስታወቂያው ላይ ያለው ድርጅት ሪፖርትዎን በነፃ እንዲልክልዎ በ60 ቀናት ውስጥ ይጠይቁ፤ ስህተት ካለው በጽሑፍ ይቃወሙ። የከለከሉት ወረቀቱ ስላልበቃቸው ብቻ ከሆነ ግን የጎደለውን አንድ በአንድ ያስጽፉና በዚያው ሳምንት ሌላ ባንክ ይሞክሩ።